ሜትር የያዙት ፕሮፌሰር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር የሆኑት ናንሲ ሆፕኪንስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭር ስሙ በኤም.አይ.ቲ.፣ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ እየዞሩ የወለል ስፋት ይለኩ ነበር። የያዙት መሣሪያ ረቂቅ አልነበረም፤ አናጢም ግንበኛም ከኪሱ የማይለየው ተራ ሜትር ነው። ዕድሜያቸው ኀምሳ ደርሷል፤ በተቋሙ ከተቀጠሩ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ካንሰር በሚያመጡ ቫይረሶች ላይ ባካሄዱት ምርምርም ስም አትርፈዋል።

ወለል ወደመለካት ያደረሳቸው ነገር ዓሣ ነው። ሆፕኪንስ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የምርምር መሥመራቸውን ለውጠው ዜብራፊሽ በተባለው ባለ ግርፍ ትንሽ ዓሣ አማካይነት የፅንስ ዕድገትን የሚመሩ ጂኖችን ለማጥናት ወስነው ነበር። ዓሣ የሚኖረው በውኃ ገንዳ ነው፤ ገንዳ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። የጠየቁት ተጨማሪ ቦታ 200 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 19 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። አንድ መጠነኛ የመኝታ ክፍል ያህላል። ይህን ለማግኘት ደጋግመው ቢያመለክቱም አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ሌሎቹ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ራሳቸው ለክተው ለማወቅ ተነሡ። ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ እርሳቸው፣ ሙሉ ፕሮፌሰሯ፣ የያዙት 1,500 ስኩዌር ጫማ ነው፤ ገና ቋሚ ሹመት ያላገኙት ጀማሪ ወንድ መምህራን በአማካይ 2,000 ይዘዋል፤ በማዕረግ እኩዮቻቸው የሆኑት ወንዶች ደግሞ 3,000።

በኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ ውስጥ «ቀላድ» የሚባለው ገመድ ምን ያህል ዕጣ እንደወሰነ የሚያውቅ አንባቢ የመለኪያ ጉዳይ ተራ ነገር አለመሆኑን ይረዳል። ገመዱን የያዘው ሰው የሚያስፈጽመው ሥልጣን ላለው ወገን ነበር፤ መሬቱ የሚለካበት ሰው ገመድ አልነበረውም። በኤም.አይ.ቲ. የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። የሚለካባት ሴት ሜትሩን አነሣች።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው ሃያ ዓመት መፍጀቱ ነው። ሆፕኪንስ ሞኝ አልነበሩም፤ በማስረጃ የሚኖሩ የሳይንስ ሰው ናቸው። ግን በ1973 ሲቀጠሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ግፊት በራቸውን ለሴቶች መክፈት የጀመሩበት ጊዜ ስለነበረ፣ መድልዎ የሚባለው ነገር የእናቶቻቸው ዘመን ችግር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሳይንስን ከልጅ ማሳደግ ጋር አጣምሮ መያዝ እንደማይቻል አምነው እናትነትን ትተዋል፤ ስለዚህ ከወንዶቹ የሚለያቸው ነገር የቀረ አልመሰላቸውም። ከዚያ በኋላ የሚደርስባቸውን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው ያስረዱት ነበር፦ ይኼኛው ባልደረባ ጠባዩ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው፣ ያኛው ውሳኔ በበጀት እጥረት የመጣ ነው፣ ይህ ደግሞ ምናልባት የራሴ አያያዝ ጉድለት ይሆናል እያሉ። እያንዳንዱ ማብራሪያ ለብቻው ሲታይ የሚያሳምን ነው። ስሕተቱ የሚታየው ማብራሪያዎቹ ተደምረው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድሉ ብቻ ነው፤ ለመደመር ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን በቂ አይደለም።

ትዕግሥታቸውን የጨረሰው ግን የወለሉ ጉዳይ አልነበረም። ሆፕኪንስ ከአንድ ወንድ ባልደረባ ጋር ሆነው ለተቋሙ ጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጥ የሥነ ሕይወት ኮርስ አዘጋጅተው ለጥቂት ዓመታት ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ ኮርሱን ከእንግዲህ እንደማያስተምሩትና በምትካቸው ሌላ ወንድ መምህር እንደሚገባ ተነገራቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በካምብሪጅ ከተማ የሚያውቀው ሰው ባይኖርም፣ ተረቱ የሚገልጸው አሠራር ግን ትርጉም ሳያስፈልገው እዚያም ይሠራ ነበር። አንድ መምህር ላቦራቶሪ ቢጠብበው ሥራው ይጓተታል፤ የደከመበት ኮርስ ሲወሰድበት ግን ዕውቀቱ የሌላ ሰው ስም ይወጣለታል።

በ1994 ሆፕኪንስ ለተቋሙ ፕሬዚዳንት ለቻርልስ ቬስት ደብዳቤ ጻፉ። ከመላካቸው በፊት አንድ ሰው እንዲያይላቸው ፈለጉ፤ የመረጡትም ሜሪ ሉ ፓርዱ የተባሉትን የዘረ መል ተመራማሪ ነው። ፓርዱ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ የተከበሩና ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ለምሳ ተገናኙ። ሆፕኪንስ ደብዳቤውን ሲያቀርቡ፣ አንባቢዋ «ይህች ሴትዮ ለውድድሩ ብቁ ስላልሆነች ታማርራለች» ብለው እንዳይገምቷቸው ሠግተው ነበር። ፓርዱ አንብበው ሲጨርሱ ግን እኔም ልፈርምበት እፈልጋለሁ አሉ። ሁለት በአንድ ሕንፃ አካባቢ ለዓመታት የሠሩ ሳይንቲስቶች ያንኑ ነገር እያሰቡ አንዷ ለሌላዋ ሳትነግር ኖረዋል ማለት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ለዚህም ነው ያን ያህል ዘመን የሚቆየው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ቆጠራ ነበር። በሳይንስ ዘርፍ ባሉት ስድስት የትምህርት ክፍሎች ውስጥ ቋሚ ሹመት ያላቸው ሴቶች ስንት እንደሆኑ ሲታይ ዐሥራ አምስት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ተመሳሳይ ሹመት ያላቸው ወንዶች ወደ 200 ይጠጋሉ። ቋሚ ሹመት ያላገኙት ሲጨመሩ የሴቶቹ ቁጥር 22 ይደርሳል፤ ይህም ከጠቅላላው 8 በመቶ ገደማ ነው። በአንዳንዶቹ የትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ሴቶች በነበሩበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለቱ ሴቶችና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከቢሮ ቢሮ ሄደው ካነጋገሯቸው መካከል ፈቃደኛ ሳትሆን የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። የአንድ ሰው አቤቱታ ሆኖ የተጀመረው ጽሑፍ ዐሥራ ስድስት ሴቶች የፈረሙበት የጋራ ጥያቄ ሆነ። የጠየቁት ካሳ ወይም ይቅርታ አልነበረም፤ ጉዳዩን በመረጃ የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ የሳይንስ ዘርፍ ዲን የነበሩት የፊዚክስ ምሁሩ ሮበርት በርጀኖ ሴቶቹን በ1994 ክረምት ተቀብለው አነጋገሩ። ከዚያ በፊት ተራ በተራ መጥተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዐሥራ ስድስት የተለያዩ ጉዳዮችን ባስተናገዱ ነበር። አንድ ላይ ሆነው፣ በሙያቸው ከአገሪቱ አንቱ የተባሉ ሴቶች ሆነው ሲቀርቡ ግን ዲኑ ወዲያው ተቀበሏቸው። ከኮሚቴው መቋቋም በፊት ተቃውሞ ያሰሙ የትምህርት ክፍል ኀላፊዎች ነበሩ። በ1995 መጀመሪያ ኮሚቴው በሆፕኪንስ ሰብሳቢነት ሥራ ሲጀምር ወንዶች ከፍተኛ መምህራንም በአባልነት ገቡበት፤ ይህም ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ውጤቱ ኋላ «የሴቶች እሮሮ» ተብሎ እንዳይጣል ጠብቆታል።

ኮሚቴው የመረመራቸው ነገሮች ዝርዝር ለማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ሰው ትምህርት የሚሰጥ ነው። ደመወዝ አለ፤ የላቦራቶሪ ስፋት አለ፤ ለሽልማት የመታጨት ዕድል፣ የማስተማር ጫና፣ በኮሚቴ መመደብ አለ። ከሁሉ ይልቅ ለውጭ ሰው የማይታየው ደግሞ የደመወዝ ምንጭ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንዳንድ የሳይንስ መምህራን የደመወዛቸውን ከፊል ራሳቸው ተወዳድረው ከሚያመጡት የጥናት ድጎማ እንዲሸፍኑ ይጠበቃል። ሁለት ሰዎች በወረቀት ላይ እኩል ደመወዝ ኖሯቸው፣ አንደኛው ሙሉውን ከተቋሙ፣ ሌላኛዋ ግን ከፊሉን ከራሷ ድጎማ የምታገኝ ከሆነ፣ የእርሷ ገንዘብ የሚቀነሰው ከቴክኒሻን ቅጥርና ከኬሚካል ግዢ ላይ ነው። የደመወዝ ሰንጠረዥ ብቻ ያየ መርማሪ ይህን አያገኘውም።

በጥናቱ ውስጥ ከቁጥሮቹ እኩል የሚያሳስበው በሴቶቹ መካከል የታየው የትውልድ ልዩነት ነው። ወጣቶቹ መምህራን ባጠቃላይ ደስተኞች ነበሩ፤ የትምህርት ክፍላቸው ይደግፈናል ይሉ ነበር፤ የሚያሳስባቸው ሥራንና ቤተሰብን ማጣጣም እንጂ መድልዎ አልነበረም። ከፍተኛዎቹ ግን ቀስ በቀስ ከውሳኔ ክበብ ወደ ዳር እንደተገፉ ተናገሩ፤ በሳይንስ ዘርፉ ታሪክ አንዲት ሴት የትምህርት ክፍል ኀላፊ ሆና አታውቅም ነበር። ነገሩን የሚያከብደው ከፍተኛዎቹም በወጣትነታቸው ልክ እንደ ወጣቶቹ ያስቡ የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ ችግሩ በቅጥር ጊዜ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም። ሰውዬዋ ከገባች፣ ከተሾመች፣ የእኩልነት ተፎካካሪ ከሆነች በኋላ ነው የሚጀምረው፤ በየዓመቱ የሚቀነሰውም ጥቂት ስለሆነ ከአንድ ዓመት ወደሚቀጥለው አይታወቅም።

የጥናቱ አጠቃላይ ይዘት በመጋቢት 1999 በተቋሙ የመምህራን ጋዜጣ ላይ ታተመ። ፕሬዚዳንት ቬስት በመግቢያው ላይ፣ መድልዎ የሚባለው ከፊሉ እውነታ ከፊሉ ደግሞ ስሜት ነው ብለው ያምኑ እንደነበርና አሁን ግን ትልቁ ክፍል እውነታው መሆኑን እንደተረዱ ጻፉ። በቀናት ውስጥ ወሬው በቦስተን ግሎብና በኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። በክስ ሳይገደድ፣ በራሱ ፈቃድ «አድልተናል» ያለ እንዲህ ያለ ታላቅ ተቋም ያልተለመደ ነበርና።

ነቀፋም አልቀረለትም። የአላስካ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቡና ምሁር ጁዲት ክላይንፌልድ፣ የታተመው ጽሑፍ ቁጥሮቹን ስለማያሳይ እንደ ሳይንሳዊ ጥናት ሊቆጠር አይገባም፣ አቤት ባይዋ ራሳቸው ሰብሳቢ መሆናቸውም ተገቢ አይደለም ብለው ተቃወሙ። ይህ ነቀፋ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ማስረጃው ሊመረመር የማይችል ድምዳሜ የሳይንስ መምህራንን ስለሳይንስ መምህራን ማሳመን አይገባውም ነበር። በአንጻሩ ዐሥራ አምስት ሰዎች ብቻ ባሉበት ቦታ የደመወዝና የቦታ ሰንጠረዥ ማተም የእያንዳንዷን ሴት ገመና በስሟ እንደመዘርዘር ነው፤ በአንድ የትምህርት ክፍል አንዲት ሴት ብቻ ካለች «የሴቶች አማካይ» የሚባለው እርሷው ናት። የቁጥሩ ማነስ ራሱ፣ ጥናቱን ያስፈለገው ያው ነገር፣ ጥናቱ በሙሉ እንዳይታይ ከለከለ። ለዚህ እንቆቅልሽ እስከዛሬ የተሟላ መፍትሔ የለም፤ ዲኑ መረጃውን አይተው ደመወዝና ቦታ ማስተካከላቸው ግን ከማንኛውም የታተመ ሰንጠረዥ ያላነሰ ምስክር ነው። አስተዳዳሪ ያለ ምክንያት በጀት አይለቅም።

ሆፕኪንስ በ2006 በዚያው የመምህራን ጋዜጣ ያወጡት ሌላ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ያነሰ ዝና ቢኖረውም፣ ለፖሊሲ የሚጠቅመው ግን ይኸኛው ይመስላል። በሳይንስና በምህንድስና የነበሩትን ሴት መምህራን ቁጥር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓመት ዓመት ሲያሰፍሩት፣ መሥመሩ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዳገት ሳይሆን ደረጃ ሆኖ ተገኘ። በሳይንስ በኩል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ባስገደደበት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ከዚያ ለሃያ ዓመት ያህል ተኛ። እንደገና የዘለለው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በርጀኖ የትምህርት ክፍል ኀላፊዎችን ሴት ዕጩዎችን ፈልጋችሁ አምጡ ብለው በወተወቱበት ጊዜ ነው። እርሳቸው በ2000 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሄዱ መሥመሩ እንደገና ተኛ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዶክትሬት የሚይዙት ሴቶች ቁጥር ግን ሳያቋርጥ ይጨምር ነበር።

ይህ ግኝት በየስብሰባው የሚደጋገመውን «ተማሪዎቹ ይብዙ እንጂ መምህራኑ ከጊዜ በኋላ ይመጣሉ» የሚለውን አሳብ ከሥሩ ይነካዋል። ውኃ ከላይ ቢጨመር ከታች መውጣቱ አይቀርም የሚባለው ቧንቧው ክፍት ሲሆን ነው። እዚህ ግን ውኃው እየጨመረ ቧንቧው የሚከፈተው አንድ ሥልጣን ያለው ሰው እጁን ቡላፋው ላይ ሲያደርግ ብቻ ነበር። ደግነቱ፣ ይህ ማለት ለውጥ ትውልድ አይጠይቅም፤ አራት ዓመት በቂ ነው። ክፋቱ ደግሞ የዲኑ የሥራ ዘመን ሲያልቅ የሚቆም መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ በተለያዩ ዲኖች ቀጠለ፤ ተቋሙም በ2004 ሱዛን ሆክፊልድን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። በ2011 በወጣው የክትትል ሪፖርት የሴት መምህራን ቁጥር በሳይንስ 52፣ በምህንድስና 60 ደርሶ ነበር፤ በመጀመሪያው ጥናት ዘመን ሁለቱም ከ30 ብዙም የማይርቁ ነበሩ። ሪፖርቱ ግን የድል ዜና ብቻ አልያዘም። በየኮሚቴው አንዲት ሴት እንድትኖር የወጣው ደንብ፣ ሴቶቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ያንኑ ሰው ከስብሰባ ስብሰባ ሲያንከራትት ተገኘ፤ የምርምር ጊዜዋን የሚበላው አሁን ለእርሷ ተብሎ የወጣው ደንብ ሆነ። ከዚህ የሚከፋው ሹክሹክታው ነው፦ «ሴት ስለሆነች ነው የተቀጠረችው» የሚለው። ሪፖርቱ ሴቶቹ ያገኟቸውን ሽልማቶችና የአካዳሚ አባልነቶች ቆጥሮ ብቃታቸውን ለማሳየት ተገደደ፤ ወንዶቹ መምህራን እንዲህ ያለ ማስረጃ ቁጠሩ የተባሉበት ጊዜ የለም።

መፍትሔ ተብለው የሚወጡ ደንቦች ወዳልታሰበበት እንደሚዞሩ የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ የመጣው ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ነው። ልጅ የወለደ መምህር፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የቋሚ ሹመት ግምገማው በአንድ ዓመት እንዲራዘምለት የሚፈቅደው ደንብ፣ በ2018 በታተመ ጥናት እንደታየው፣ የወንዶቹን የመሾም ዕድል ከፍ ሲያደርግ የሴቶቹን ዝቅ አድርጎታል። ወንዶቹ ተጨማሪውን ዓመት ጽሑፍ ለማሳተም ተጠቀሙበት፤ ሴቶቹ ለልጁ። በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ደንብ በቤት ውስጥ እኩል ካልሆነ ኑሮ ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ይህ ነው።

ቅጥርን የሚመለከቱ ሙከራዎችም አንድ ድምፅ የላቸውም። በ2012 የተደረገ ሙከራ 127 የሳይንስ መምህራን አንድ ዓይነት የሥራ ማመልከቻ እንዲገመግሙ አድርጎ፣ ማመልከቻው የወንድ ስም ሲይዝ ብቃቱና የሚገባው ደመወዝ ከፍ ብሎ እንደተገመተ፣ ሴት መምህራኑም ከወንዶቹ ባልተለየ ሁኔታ እንዳደሉ አሳየ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ለመምህርነት በተመሳሳይ ከፍተኛ ብቃት ከቀረቡ ምናባዊ ዕጩዎች መካከል መምህራኑ ሴቷን ሁለት ለአንድ እንደመረጡ ዘገበ። ሁለቱ የግድ አይጣሉም፤ የመጀመሪያው ብቃቷ ገና ያልተረጋገጠ ጀማሪ፣ ሁለተኛው ብቃቷ በማያጠራጥር ሁኔታ የተመሰከረላት ሴት ነው የሚለካው። በተግባር የሚመጡት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ በሁለቱ መካከል ናቸው።

ሆፕኪንስ በ2005 እንደገና በዜና ላይ ታዩ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎውረንስ ሰመርስ በአንድ ጉባኤ ላይ በሳይንስና በምህንድስና ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ሴቶች የሚያንሱበት አንዱ ምክንያት በተፈጥሮ ችሎታ ስርጭት ላይ ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል ሲሉ ተነሥተው ወጡ። «ሳይንቲስት ሆነው መከራከር ሲገባቸው ለምን ወጡ?» ብለው የነቀፏቸው ብዙዎች ናቸው። ነቀፋው ተገቢ ሊሆን ይችላል። የእርሳቸው ክርክር ግን በሌላ ቦታ ታትሟል፤ ቡድናቸው ከአንድ ዓመት በፊት ባወጣው ጽሑፍ በዜብራፊሽ ፅንስ ዕድገት ውስጥ የማይቀሩ 315 ጂኖችን ለይቶ አሳይቷል። ያ ሁሉ የተገኘው ከገንዳዎቹ ነው።

ይህ ታሪክ ኢትዮጵያን ፈጽሞ የማይነካ አይደለም። የታላቁ የግዕዝ ሊቅ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ በአዲስ አበባ የተወለዱት ሶስና ኃይሌ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1986፣ ዶክትሬታቸውን በ1992 ያገኙት ከዚያው ከኤም.አይ.ቲ. ነው፤ ሆፕኪንስ ሜትር ከማንሣታቸው አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ኋላም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋምና በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነው በነዳጅ ሴል ምርምር ታውቀዋል። በአገር ውስጥ በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል የመጀመሪያዋን ሙሉ ፕሮፌሰር፣ የሥነ ሕይወት ምሁሯን የዓለምፀሐይ መኮንንን፣ ያገኘው በ2009 ነው። ኀምሳ ዘጠኝ ዓመት።

በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ አካባቢ በሚከበረው የሴቶች ቀን በየግቢው የሚነበበው ቁጥር የሴት ተማሪዎች ቅበላ ነው፤ አንዳንዴም የመምህራኑ መቶኛ ይታከልበታል። የላቦራቶሪ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ለውጭ ትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍሉ የማንን ስም በመጀመሪያ እንዳስተላለፈ፣ የጀማሪ ተማሪዎችን ብዙ ክፍሎች ደርባ የምታስተምረው ማን እንደሆነች፣ በቃለ ጉባኤ ያዥነት የምትመደበው ማን እንደሆነች የሚቆጥር ግን ብዙ አይታይም። እነዚህ ሁሉ በየትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ቢሮ በፋይል ተቀምጠው የሚገኙ ናቸው። ለመቁጠር የሚጠይቁት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ እርሳስና አብሮ የሚቆጥር አንድ ባልደረባ ነው።